ወንድ የሌለበት ቤት

«የገለታን ልጅ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት፤ እሱ እንደሆነ እምቢ አያውቅም» ሲባል የሰማሁት ለአንዲት ሴት ድንች ስመዝን ነው። አካፋ የተሸከሙ ሁለት ጎልማሶች በጉሊቴ ፊት እያለፉ ነበር። አንደኛው ወገቡን እንደሚያመው ሲናገር ሌላው ይህን መለሰለትና «እኛ ከላይ ሆነን እናወራለን» ብሎ ሳቀ። ገለታ ባሌ ነው፤ ከሞተ ስምንት ወሩ። የገለታ ልጅ የሚሉት የእኔው ሮብሳን ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚያው ጠዋት እርሳስና ላጲስ ገዝቼለት፣ የመፈተኛ ካርዱን በሸሚዝ ኪሱ ከትቼ፣ ዳቦ በሻይ አብልቼ ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቼዋለሁ። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚጀመርበት ቀን ነበር። ስለዚህ ስለሌላ ገለታ ይሆናል የሚያወሩት ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ሰፈራችን ጨለለቂ ውስጥ ገለታ የሚባል ሰው ሞልቷል። ልቤ ግን ውሸቴን አልተቀበለኝም።

ሴትዮዋ «ምነው፣ አጎደልሽብኝ እንዴ?» አለችኝ። ድንች በዚያ ሳምንት ኪሎው አርባ አምስት ብር ስለገባ ሰው ሁሉ ሚዛኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር የሚገዛው። «ውሰጂው» አልኳትና ሽንኩርቱንም ድንቹንም በሸራ ሸፍኜ አጠገቤ ለምትቸረችረው ለብርቄ አደራ ሰጠሁ። ብርቄ ጎረቤቴም ናት፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሆኜ ነው። «ወዴት ነው?» ስትለኝ «ወደ መቃብሩ» አልኳት። «ሴት ቁፋሮ ቦታ ትሄዳለች? ምን ነካሽ?» አለች። እውነቷን ነው። በእኛ እድር ሴቶች ዳቦ ይጋግራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳሉ፤ መቃብር ወደሚቆፈርበት ግን ድርሽ አይሉም። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ድርሽ ብዬ አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጡሩንባ ተነፍቶ ነበር። ጡረተኛው ሾፌር ኦቦ ደረሳ ማረፋቸውን፣ ቀብሩም በስድስት ሰዓት መሆኑን ጡሩንባ ነፊው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እየጮኸ በደጃችን አለፈ። ሮብሳን ገና ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ አየሁትና ቀድሜ «ዛሬ አንተን አይመለከትህም፤ ፈተና አለህ» አልኩት። «እሺ እማ» አለኝ። ያ ልጅ አባቱ ከሞተ ወዲህ ከእሺ ሌላ ቃል አልነበረውም። ውሃ ቅዳ ሲሉት እሺ፣ ብላ ሲሉት እሺ፣ አጥና ሲሉት እሺ። እኔም ሞኟ ሰው ሲጠይቀኝ «ሮብሳንማ ሰው ሆነልኝ፣ አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም» እያልኩ እፎክር ነበር። ሁሉን እሺ የሚል ልጅ እንደሚያስፈራ ማን ይንገረኝ?

ገበያው ጥግ ላይ የሮብሳን ክፍል ኃላፊ መምህርት ሕብረት ከባጃጅ ስትወርድ ተገናኘን። እኔን ፍለጋ ነበር የመጣችው። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። «ስሙ ሲጠራ የለም» አለችኝ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ የዘገየ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ካመለጠው ዓመቱን መድገሙ ነው፤ እሱ ደግሞ በአሁኑ አያያዙ የሚደግም አይመስለኝም፣ ይቀራል።» ስልኳን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሃያ ሰባት ቀን የቀረ ልጅ ነው እኮ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ስልክልዎ አንድ ቀን እንኳ ምነው ብቅ ሳይሉ?» አለች።

ደብዳቤዎቹ ደርሰውኛል። እኔ የሸዋ ሰው ልጅ ነኝ፤ አማርኛ የተጻፈ ማንኛውንም ነገር አነባለሁ። አፋን ኦሮሞ ስናገርም ከአገሬው ማንም አይለየኝም፤ እዚሁ ነቀምት ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ሲሰጠኝ ግን አገላብጬ ከማየት አላልፍም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይሄን ነው። ገለታ እያለ እሱ ያነብልኝ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ የሚያነብልኝ ሮብሳን ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ «ለመጥረጊያ መግዣ ሃምሳ ብር አምጡ ይላል» ብሎ አነበበልኝ፤ ሰጠሁት። ሁለተኛውን «የወላጅ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» አለኝ፤ እፎይ አልኩ። ሦስተኛውን ይዞ ብዙ ቆየና «ልጅዎ ጎበዝ ነው ይላል» አለ። እኔ ደግሞ ማኅተሙን አይቼ፣ ሰው እንዲያይልኝ ከግድግዳው ካሌንደር አጠገብ በፕላስተር ለጠፍኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይ ነበር። ማንበብ የሚችለው ሁሉ አንብቦ፣ አዝኖልኝ፣ አፉን ይዞ ወጥቷል ማለት ነው። መምህርቷን «ሦስተኛው ምን ይላል?» አልኳት። «ክፍል ውስጥ ከማንም አይነጋገርም፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይውላል፣ ምን ሆንክ ስንለው ወንድ ነኝ ምንም አልሆንም ይላል፤ እባክዎ ይምጡና እንነጋገር ነው የሚለው» አለች። እሷ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሳ በሩ ላይ ልትለምንልኝ፣ እኔ ልጁን ላመጣ ተለያየን። ባጃጁን ያዝኩት። «ለብቻሽ ከሆነ መቶ ብር» አለኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ስከራከር ይመሽ ነበር።

መንገዱ የሰኔ ጭቃ ነው፤ ባጃጁ ሁለት ጊዜ ተያዘ። እኔ ቁጭ ብዬ የራሴን ጥፋት ስቆጥር ደረስን። የእድራችን መዝገብ ሁለት ነው። ወፍራሙ ወንድ ያለበት ቤት የሚመዘገብበት ነው፤ ተራው ሲደርስ አንድ ሰው ለቁፋሮ ይልካል። ስስ የሆነው ወንድ የሌለበት ቤት ነው፤ እነሱ ከቁፋሮ ነፃ ናቸው። የገለታ ድንኳን በተነሳ ማግስት የእድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ሞረዳ ሁለቱንም መዝገቦች በብብታቸው ይዘው ቤቴ መጡና በየትኛው ልጻፋችሁ አሉ። የገለታ ወንድም ጨመዳ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ወንድ እያለ ምን ይጠየቃል?» አለና የሮብሳንን ትከሻ መታ መታ አደረገው። እኔ ምን አልኩ? ምንም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ወንድ የሌለበት ቤት አጥሩ በየክረምቱ አንድ አንድ ክንድ እየተገፋ እንደሚጠብ አይቻለሁ፤ የእኔ እንዳይገፋ ፈልጌ ነው። ለዚህም ነው በቀብሩ ቀን ሮብሳን ሳጥኑ ሲወርድ አፉን ከፍቶ ሊጮህ ሲል ክንዱን ጨምድጄ «አታልቅስ፣ ሰው እያየህ ነው፣ አሁን ወንዱ አንተ ነህ» ያልኩት። በዚያ በኩል ጨመዳ «ሂንቦኢን፣ አቲ ዺራ» ይለዋል። አታልቅስ፣ አንተ ወንድ ነህ ማለቱ ነው። በሁለት ቋንቋ ዝም አሰኘነው። ዝምም አለ፤ ሰዉ ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» እያለ አመሰገነልኝ።

ከባሕር ዛፎቹ ስር ሰባት ስምንት ወንዶች ቆመው ያወሩ ነበር። ያ ወገቡን ያመመው ሰውዬ አካፋውን ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። የልጄ ዩኒፎርም ከጎን ባለ መቃብር ድንጋይ ላይ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ካርዱ ከኪሱ ብቅ ብሏል፤ ጫማው ከስሩ ጎን ለጎን ተደርድሯል። እሱን አላየሁትም። ያየሁት ከጉድጓዱ ውስጥ ተራ በተራ የሚወረወር ቀይ አፈር ብቻ ነው። ቀርቤ ወደ ታች ስመለከት ጀርባውን አየሁት፤ አጥንቱ ይቆጠራል። የጉድጓዱ ወለል ውሃ ስለቋጠረ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠልቆ ነበር የሚቆፍረው። «ሮብሳን፣ ውጣ» አልኩት። ቀና አለና ሲያየኝ ፊቱ ላይ የመጣው ድንጋጤ አልነበረም፣ ሀፍረት ነው። «እማ ሂጂ፣ ሴት እዚህ አይመጣም» አለኝ በሹክሹክታ።

ጨመዳ ሮጦ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም ጨመዳ፤ ስኳርና ዘይት ሲወደድ ለእኔ የሚሆን ሳይቆጥብ ቀርቶ አያውቅም። «ሃደ ሮብሳን፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፤ የሮብሳን እናት ማለቱ ነው።

«ፈተና አለው።»

«ማንም አልጠራውም እኮ፣ ራሱ ነው የመጣው። ፈተናው ለከርሞም አለ፤ ኦቦ ደረሳ ግን ዛሬ ነው የሚቀበሩት።»

እውነት ተናገረ፤ ማንም አልጠራውም። አንድም ሰው በግድ ጎትቶ ጉድጓድ አላስገባውም። «አንበሳ»፣ «የአባቱ ልጅ» እያሉ ብቻ ነው ያስገቡት። የራሱ ተራ ሲያልቅ የሌላውን ተራ እየሸፈነ ይገባል፤ ሥራ ያለበት ሰው «ሮብሳን ይግባልኝ» ብሎ ይልካል። ሃያ ሰባቱ ቀን የት እንደሄደ ያኔ ነው የገባኝ። ኦቦ ሞረዳ ሁለቱን መዝገቦች በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «አዴ ሸዋጌጥ፣ የዛሬው ተራ የእናንተ ቡድን ነው። ወንድ ያለበት ቤት ተብሎ ተጽፏል። እሱን ለቅቄ ሌላውን ልያዝ ብል ነገ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ።

«እንግዲያው ከዚያ መዝገብ ያውጡን።»

«ምን ብዬ?»

ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብለው ያዳምጣሉ። ከጉድጓዱ የሚወረወረው አፈርም ቆሟል። ስለ አጥሬ አሰብኩ፣ ስለ ነገ አሰብኩ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን እዚያ ታች ቆሞ ስለሚሰማኝ ልጅ አሰብኩ። የምናገረው ነገር እንደ ጥፊ እንደሚያርፍበት አውቃለሁ። «እኔ ቤት ወንድ የለም» አልኩ። «የነበረው ሞቷል። ያሉኝ ሁለት ልጆች ናቸው። ሊሊሴ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሮብሳን ዐሥራ አራት። ሁለቱም ልጆች ናቸው። እንዲህ ብለው ይጻፉት።»

ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጨመዳ «ልጁን ሰው ፊት አዋረድሽው» አለና እጁን አወናጭፎ ሄደ። ኦቦ ሞረዳ ስስ የሆነውን መዝገብ አወጡ፤ የገለታ ቤተሰብ ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን ሰጡኝ። ስፈርም ጠጋ ብለው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔም የገባሁት በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የሚያወጣኝ ሰው አልመጣም» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘረጉለት። ሮብሳን እጃቸውን አልያዘም። በክንዱ ተንጠልጥሎ ብቻውን ወጣ፤ እግሩን ሳይታጠብ ጫማውን አጠለቀ፤ ሸሚዙን በጭቃ ሰውነቱ ላይ ለበሰ። ካሁን አሁን አልሄድም ይለኛል ብዬ ስፈራ ቀድሞኝ ባጃጁ ውስጥ ገባ። እሺ እንኳ አላለኝም።

ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ዘበኛው ጭቃውን አይቶ «በዚህ ሁኔታ?» ሲል ሕብረት ክንዱን ይዛ አስገባችው። አልዞረም። እኔ ከሌሎች እናቶች ጋር አጥሩ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ጤፍ ያወራሉ፤ አንዷ ኩንታሉ ስንት ደረሰ ስትል ሌላዋ ምራቋን ትውጣለች። ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ፤ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ያለች ዘመዷ ርካሽ ስለምትከራይ እዚያ ልግባ ይሆን ትላለች አንዷ። ወሰኔ የምትባል የበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሴት ደግሞ ሴት ልጇ ፈተናውን ፈርታ ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ነገረችን። «እስኪነጋ ጭኔ ላይ ተኝታ ስትነፋረቅ ደከመኝ እኮ» አለች። ቀናሁባት። ሰው የሌላ ሰው ልጅ ስላለቀሰች ይቀናል? እኔ ቀናሁ። የእኔ ልጅ ጭኔ ላይ የተኛበትን ጊዜ ላስታውስ ብሞክር አልመጣ አለኝ።

ለምሳ ሲወጡ ዳቦ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ብቻውን በላ። የከሰዓቱንም ተፈተነ። እንዴት ሆነልህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ ወጥቶ ሃያ እርምጃ ቀድሞኝ ወደ ቤት ሄደ። የእኛ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ከሁለት ተከፍላለች። እሱ መጋረጃው ጀርባ ገባና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ሊሊሴ ገብታ ልታናግረው ስትል በእጄ መለስኳት። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ደብዳቤ ፕላስተሩን ልጬ አነሳሁትና አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ልቅደደው ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ጨመዳ ከቀብር መልስ መጣ። ጫማውን ደጅ አራግፎ ገባና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። «ተፈተነ?» አለ። «ተፈተነ» አልኩ። «ነገስ?» «ነገም አለው።» መጋረጃውን ያያል፤ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ።  እሱም ወንድሙ ነው የሞተበት፤ እሱም ሲያለቅስ አላየሁትም። ብርጭቆውን አስቀምጦ «ደህና እደሩ» ብሎ ሲወጣ ራሱን በበሩ መቃን ሊመታ ምንም አልቀረውም።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው መጋረጃው የተገለጠው። ሮብሳን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የደረቀው ጭቃ አንገቱ ላይ ተሰነጣጥቋል።

«እማ» አለኝ። «ዛሬ ልጅ ነው ብለሽ አይደል የፈረምሽው?»

«አዎ።»

«አባዬ የተቀበረ ቀንስ ልጅ አልነበርኩም?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ስለ አጥሩ ልነግረው ነበር፣ ስለ ሰው አፍ፣ ስለ ጨመዳ፣ ወግና ልማድ ስለሚባለው ነገር ሁሉ ልነግረው ነበር። ሳስበው ግን ሁሉም እሱን መልሶ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስገባ ወሬ ሆነብኝ። «ነበርክ» አልኩት። «ልጅ ነበርክ። እኔ ፈርቼ ነው።»

መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀጠቀጠው። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ገና የጎረመሰ ድምፅ ነው፤ ወፍሮ ይጀምርና መሃል ላይ ተሰብሮ እንደ ሕፃን ይቀጥናል። አባቱን በስሙ አልጠራም፣ ምንም ቃል አልነበረውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። ምላሴ በልማዱ «አይዞህ፣ ዝም በል፣ ሰው ይሰማል» ሊል ከጥርሴ ስር ደርሶ ነበር፤ ነክሼ ያዝኩት። አጠገቡ ሄጄ ጭንቅላቱን ያዝኩ። ጭኔ ላይ ወደቀ። ሊሊሴ ደንግጣ መጣችና እግሩን አቀፈች። ይጮኻል፤ እኔም አልከለከልኩትም፤ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ሰፈሩን እንደሚሞላ እያወቅሁ ፀጉሩን ዳበስኩት።

ወዲያው በሩ ተበረገደ። ብርቄ ነበረች። እንደ ለቅሶ ወጉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እያለከለከች ቆመች። «ኧረ በጌታ! ምን መጣ? ማን ሞተባችሁ?»

«ገለታ» አልኳት።

ብርቄ እኔን አየች፣ ልጁን አየች።  ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባችና ከአልጋው ስር መሬት ላይ፣ ለቀስተኛ እንደሚቀመጠው ተቀመጠች።